ሲያገረሽብሽ መጀመሪያ ተመርመሪ

ልጄ፣ የአንጀትሽ ቁስለት ባገረሸ ቁጥር ከበፊቱ የተረፈውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ እያወጣሽ እንደምትውጪ እናትሽ ነገረችኝ። አልወደድኩትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ሰምተሽ አድገሻል።

ሆድሽን ሲቆርጥሽ፣ ደምና ንፍጥ የቀላቀለ ተቅማጥ ሲይዝሽ «ያው የለመደብኝ አልሰረቲቭ ኮላይትስ ነው» ትያለሽ። ሊሆን ይችላል። ግን አሜባም፣ ሺጌላም፣ ሳልሞኔላም እንዲሁ ያደርጋሉ። ካልፕሮቴክቲን የተባለው የሰገራ ምርመራ እንኳ በቁስለቱም በኢንፌክሽኑም ስለሚጨምር ብቻውን አይለያቸውም። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ ማለት ሳይመረመሩ መዋጥ ነው።

እኔ አብዝቼ የምፈራልሽ ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል የሚባለውን ባክቴሪያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንቲባዮቲክ ከተወሰደ በኋላ ይነሳል፤ እንዳንቺ አንጀቱ የታመመ ሰው ላይ ግን ያለዚያም ይመጣል። ተራው የማይክሮስኮፕ ምርመራ አያገኘውም፤ በሰገራው ውስጥ መርዙ ተፈልጎ ነው የሚታወቅ። ስለዚህ «አሜባ የለብሽም» ስትባዪ ተደስተሽ አትውጪ፤ «ይሄኛውስ ታይቷል?» ብለሽ ሐኪምሽን ጠይቂ። ደግሞ ባክቴሪያው በአልኮል አይሞትምና እጅሽን በውሃና በሳሙና ታጠቢ።

ስትሮንግሎይድስ የሚባል ትልም አለ። በባዶ እግር አፈር ሲረገጥ በቆዳ ይገባል፣ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ይቀመጣል። ያ አንቺ በራስሽ የምትውጪው ስቴሮይድ ሲደርሰው ግን ተባዝቶ በመላ አካል ሊሰራጭና ሰው ሊገድል ይችላል። ልጅነትሽን ገጠር ማሳለፍሽን ለሐኪሙ ንገሪው፤ ሳትነግሪው ከየት ያውቃል?

ሰገራ ይዞ ላቦራቶሪ መግባት ያሳፍረኛል ማለትሽንም ሰምቻለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። በንጹሕ ዕቃ አድርገሽ ትኩሱን አድርሺ፤ የቀጠነ ሰገራ ላይ አሜባ ሲንቀሳቀስ የሚታየው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው፣ ያደረ ናሙና ብዙም አይረባም።

ሐኪም ያዘዘልሽን መድኃኒት ግን በእኔ ምክር እንዳታቋርጪ፤ ስቴሮይድ በድንገት አይቆምም። በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ደም ካስቀመጠሽ፣ ትኩሳት ካለሽ ወይም ልብሽ ቶሎ ቶሎ ከመታ፣ ውጤት እጠብቃለሁ ብለሽ ቤት አትዋዪ፤ ዕለቱን ሆስፒታል ግቢ።