የሰው አገር ጥበብ ወዳጅ ምን ዕዳ አለበት?

የአንድን ሕዝብ ሸክላ፥ ዜማ ወይም ፊልም አጥብቆ የሚወድ፥ ነገር ግን የዚያን ሕዝብ አገር ረግጦ የማያውቅ ሰው ፍቅሩ ምን ዓይነት ፍቅር ነው? ሕዝቡን ወደደ እንበል ወይስ የራሱን ደስታ ብቻ? ጥያቄው ሥራ ፈት ያነሣው ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ውድ አንባቢ፥ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ዶርሚተሪዎቻችን የኮሪያን ተከታታይ ድራማ እስከ ሌሊት የሚመለከት፥ የቢቲኤስን ዘፈን ቃሉን ሳያውቅ የሚያንጎራጉር ወጣት ለማግኘት ብዙ መፈለግ አያሻም። ከእነዚህም መካከል «ኮሪያውያን እኮ እንዲህ ናቸው» ብሎ በሙሉ ልብ የሚፈርድ አይጠፋም። ፍርዱ አብዛኛውን ጊዜ ምስጋና ነው፤ ታላቅ አክባሪ፥ ታታሪ፥ በፍቅር የማይከዱ ይላቸዋል። ምስጋና ስለ ሆነም ማንም «ከየት አመጣኸው?» ብሎ አይጠይቀውም። እኔ ግን ሳያውቁ ማመስገን ሳያውቁ ከመንቀፍ ምን ያህል ይሻላል? ብዬ እጠይቃለሁ።

ነገሩን ለመመርመር ከዛሬዎቹ ድራማዎች ይልቅ ከመቶ ዓመት በፊት የኮሪያን ጥበብ የወደዱ ሁለት ጃፓናውያንን መመልከት ይሻላል፤ የእነርሱ ፍቅር በክፉ ቀን የተፈተነ ነበርና። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ያናጊ ሙኔዮሺ ይባላል። በ1914 ዓ.ም. አሳካዋ ኖሪታካ የተባለ በሴኡል የሚያስተምር ጃፓናዊ፥ ያናጊ ዘንድ ያሉትን የሮዳን ቅርጻ ቅርጾች ለማየት ወደ ቤቱ መጣ። ባዶ እጁን አልመጣም፤ በኮሪያ የጆሶን ዘመን የተሠራ፥ ሰማያዊ ሥዕል ያለበት ነጭ የሸክላ ዕቃ ይዞለት ነበር። ያናጊ የፈረንሳዩን ቀራፂ ሊያሳይ ተቀምጦ በእንግዳው ስጦታ ተማረከ። በ1916 ወደ ኮሪያ ተሻገረ፤ ከዚያም በኋላ ደጋግሞ ተመላለሰ።

ነገር ግን ኮሪያ ከ1910 ጀምሮ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። በመጋቢት 1919 ሕዝቡ ነጻነቱን ለመጠየቅ አደባባይ ሲወጣ መልሱ ጥይት ሆነ። በዚያው ዓመት በግንቦት ያናጊ በዮሚዩሪ ጋዜጣ ላይ የገዛ አገሩን መንግሥት አያያዝ የሚነቅፍ ጽሑፍ አወጣ። በ1922 ደግሞ ጠቅላይ ገዥው መሥሪያ ቤት በሴኡል የጊዮንግቦክ ቤተ መንግሥት ዋና በር የሆነውን ግዋንግህዋሙንን ሊያፈርስ መነሣቱን ሲሰማ ዝም አላለም። ለጃፓናውያን አንባቢዎቹ ያቀረበላቸው ክርክር ቀላል ነበር፤ ነገሩ ተገልብጦ ኮሪያ ጃፓንን ይዛ ቢሆን፥ የኢዶንም ግንብ ልታፈርስ ብትነሣ ምን ይሰማችሁ ነበር? አላቸው። ስለ በሩ ውበት ብቻ ቢጽፍ ኖሮ አንባቢው በሩን አድንቆ መጽሔቱን ያጥፍ ነበር። እርሱ ግን በተገፋው ሰው ቦታ እንዲቆሙ ጠየቃቸው። በሩም ከቦታው ተነሥቶ ወደ ጎን ተዛወረ እንጂ በዚያን ጊዜ አልጠፋም። በ1924 ያናጊና ጓደኞቹ በዚያው ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ የኮሪያ ሕዝብ ጥበብ ቤተ መዘክር ከፈቱ።

እስከዚህ ድረስ የመልካም ወዳጅ ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው የኮሪያ ውበት «የሐዘን ውበት» ነው ብሎ ጻፈ። ሕዝቡ በወራሪ ብዛት መከራ ያየ ስለ ሆነ የዕቃው መስመር ቀጭንና የሚያሳዝን ነው፤ የሚለብሰውም ነጭ የሐዘን ልብስ ነው አለ። እንግዲህ ለኮሪያውያን ነጭ የዘወትር ልብሳቸው ነበር! በጥምቀት ዕለት አንድ የሩቅ አገር ሰው መጥቶ፥ ነጠላ የለበሰውን ሕዝብ ከዳር ቆሞ አይቶ፥ «ምስኪኖች፥ ሁሉም ሐዘን ላይ ናቸው» ብሎ ቢጽፍልን እንስቅ ነበር። ያ ጽሑፍ በዓለም ተነብቦ ሌላው ሁሉ በዚያ ዓይን ቢያየን ግን ሳቃችን ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም።

ሌላም ምሳሌ አለ። ዛሬ የጨረቃ ገንቦ የሚባለውን ትልቅ ነጭ ገንቦ ያየ ሁሉ ክቡ ፍጹም እንዳልሆነ፥ ወገቡም ትንሽ እንደ ተዛነፈ ያስተውላል። አንዱ ይህን አይቶ ኀዘን ይለዋል፥ ሌላው ትሕትና ይለዋል። ሠሪውን ብንጠይቀው ግን የሚነግረን ስለ ጭቃው ነው። ያን የሚያህል ዕቃ በአንድ ጊዜ በመንኮራኩር ላይ ማውጣት ስለሚያስቸግር፥ ሁለት ጎድጓዳ ሳሕኖች ለየብቻ ተሠርተው አፍ ላፍ ይገጠማሉ፤ በእሳቱም ውስጥ መጋጠሚያው ጥቂት ይረግባል። ይህን ማወቅ ውበቱን አይቀንሰውም። ይልቁንም የእኛን ስሜት ከሠሪው ሥራ ለይተን እንድናይ ያደርገናል።

ኮሪያውያን ራሳቸው ምን አሉ? በ1905 የተወለደው የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊ ኮ ዩሶፕ የአገሩን ጥበብ ጠባይ ለመግለጽ ከወጥ ቤት የወጣ ቃል ነው የተጠቀመው፤ የተቆላ እህልን ወይም ቆይቶ የበሰለ ሾርባን ደስ የሚያሰኝ ጣዕም የሚገልጽ ቃል ነው። ቆሎ ሲታመስ ቤቱን የሚሞላውን ሽታ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ታልቹም የሚባለውን የጭንብል ጭፈራ ብንመለከትም ባላባቱና አስመሳዩ መነኩሴ መሳቂያ የሚሆኑበት ጨዋታ ነው። ፓንሶሪ አለ፤ አንድ ዘፋኝና አንድ ከበሮ መቺ ብቻቸውን ሰዓታት የሚፈጅ ታሪክ ይወጡታል። አድማጩ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እኛ አዝማሪውን «ይበል!» እንደምንለው ሁሉ በየመካከሉ ድምፁን እያሰማ ዘፋኙን ያበረታዋል። በአንዱ ፓንሶሪ ውስጥ ልቅሶም ሳቅም አለ፤ ሐዘኑን ብቻ መርጦ የሚሰማ ግማሹን አልሰማም።

በእርግጥ ሐዘንን የሚያነሡ ኮሪያውያንም አሉ። «ሃን» የሚሉት፥ በልብ የተቋጠረ ቁጭትና ሐዘን የሚባል ነገር አላቸው። ኢም ክዎንቴክ በ1993 ባወጣው «ሶፕዮንጄ» በተባለው ፊልም፥ አንድ የፓንሶሪ መምህር ያሳደጋት ልጅ ድምፅ በሃን እንዲበስል ብሎ ዓይኗን ያጠፋል። ያ ፊልም ግን ጥያቄውን ከውስጥ ሆኖ ነው የሚጠይቀው፤ ለጥበብ ሲባል ሰው እስከዚህ ይደረጋልን? እያለ። ከውጭ ሆኖ «እናንተ የሐዘን ሕዝብ ናችሁ» ማለት ሌላ ነው። ከነጻነት በኋላ የተነሡ ኮሪያውያን ጸሐፍት ያናጊን አጥብቀው የነቀፉት በዚህ ነበር፤ ትክክልም ይመስሉኛል። ሐዘናቸው ከተፈጥሯቸው ነው ከተባለ፥ ያሳዘናቸው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርምና። ሆኖም የኮሪያ ሪፐብሊክ መንግሥት በ1984 ለዚሁ ሰው ከሞቱ በኋላ የባህል ኒሻን ሸለመው። ነቀፌታውም ሽልማቱም በአንድ ሰው ላይ ሲያርፍ አንዱን ለመፋቅ የቸኮሉ አይመስልም፤ ይህን እወድላቸዋለሁ።

ሁለተኛው ሰው የዚያ ስጦታ ያመጣው መምህር ታናሽ ወንድም አሳካዋ ታኩሚ ነው። እንደ ያናጊ ስመ ጥር አልነበረም፤ በሴኡል በደን ምርምር ጣቢያ የሚሠራ፥ ዛፍ የሚያፈላ ሰው ነበር። የኮሪያን ቋንቋ ተማረ፥ ልብሳቸውን ለበሰ፥ በመካከላቸውም ኖረ። በ1929 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ሶባን ነው፤ ሶባን ምግብ የሚቀርብባት ትንሽ ገበታ ናት። ሌላው መጽሐፉ የሸክላ ዕቃዎችን ስምና አገልግሎት የሚያስረዳ ነው። «ይህ ምን ይባላል? ለምን ይሆናል?» ብሎ ባለቤቶቹን መጠየቅ ያስፈልገው ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ታላቅ ፍልስፍና አይወጣውም፤ ነገር ግን መልሱን የሚሰጡት የዕቃው ባለቤቶች ናቸው። በ1931 በ40 ዓመቱ በሳንባ ምች ሲሞት ኮሪያውያን ጎረቤቶቹ አስከሬኑን ተሸክመው ቀበሩት። መቃብሩ ዛሬም በሴኡል ማንግኡሪ ይገኛል። ጃፓናዊ ሆኖ፥ በዚያ ዘመን!

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሐሳብ ስነግረው «እኔ እኮ ከጥናት ደክሜ ስመለስ ትንሽ ልዝናና ብዬ ነው የማየው፤ መቃብር ድረስ ምን አደረሰኝ?» አለኝ። ተገቢ ተቃውሞ ነው። ለመደሰት ብቻ ዕዳ የለበትም እላለሁ፤ ያየው ታሪክ አስደስቶት ቢተኛ ማንንም አልበደለም። ዕዳው የሚጀምረው አፉን ከፍቶ ስለ ሕዝቡ ሲናገር ነው። ያን ጊዜ ሥዕሉን እነርሱ እንዲያርሙለት ጆሮውን መስጠት አለበት። ርቀቱም እንደሚመስለው አያግድም። ንጉሥ ሴጆንግ በ1446 ለሕዝቡ ያወጀው ፊደል ተራው ሰው በቀላሉ እንዲማረው ታስቦ የተሠራ ነው፤ የእኛን ፊደል ከነቤቶቹ የቆጠረ ልጅ በጥቂት ቀናት ሊያነበው ይችላል። የ2024ን የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘችው ሃን ካንግ ስለ አገሯ የጻፈችውም በትርጉም ይገኛል፤ በ1980 በግዋንጁ ከተማ ስለ ተገደሉት ሰዎች የጻፈችውን ያነበበ ወጣት «ኮሪያውያን እኮ» ብሎ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ዝም የሚል ይመስለኛል።

ነገሩን እንደ ያናጊ ብንገለብጠውስ? ከ1951 ጀምሮ ወደ ኮሪያ ከዘመቱት ከ6,000 የሚበልጡ የቃኘው ወታደሮች መካከል ከ120 በላይ ወድቀዋል። ቹንቾን በተባለችው ከተማ መታሰቢያቸው ቆሟል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1968 ያን ከተማ በጎበኙበት ዘመን የተከፈተ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ ቡና ቤትም በአቅራቢያው አለ። እዚያ የሚቀመጥ ኮሪያዊ ወጣት ስለ እኛ የሚያውቀው ምናልባት ጀግንነታችንን፥ ቡናችንንና በቴሌቪዥን ያየውን ረኃብ ይሆናል። ሦስቱም ውሸት አይደሉም። እኔ ግን አጠገቡ ብቀመጥ፥ ስለ ጀግንነታችን ከሚያመሰግነኝ ይልቅ ሲኒው የሚደረደርበት ያ ነገር ምን እንደሚባል ቢጠይቀኝ እመርጣለሁ። ረከቦት እለዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታችን ወዴት እንደሚሄድ እንጃ።