የእሷም ድር፣ የእኔም ድር

ሽሮ ሜዳ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ነበር። ማጉን በቀሰም የምታጠነጥንለት ሴት ልጁ ናት። አንድ ቀን ሸረሪት ከጣራው ማዕዘን ተንጠልጥላ ልጅቷ ፊት ወረደች። ጮኸች፤ ቀሰሙ ከእጇ አመለጠ፤ ክሩ መሬት ላይ ተተረተረ። ጉልበቷ ላይ የነበረው የዓመት ልጇ ሸረሪቷን አላያትም። ያየው የእናቱን ፊት ነው። ትንሽ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠና አለቀሰ።

ሸማኔው መጥረጊያ አላነሳም። «አትፍሪ»ም አላላትም። «ልጄ፣ ነገ በሩ ጋ ሆነሽ አጠንጥኚ፤ መውጣት ካሰኘሽ ክፍት ነው» አላት።

በማግስቱ በሩ ጋ ተቀመጠች። ልቧ ረገብ ሲልላት በርጩማዋን አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ሳበችው። በሚቀጥለው ቀን ትንሽ ጨመረች። አንድ ቀን ደግሞ መልሳ ወደ በሩ ወሰደችው፤ አባቷ ምንም አላለም። ሳምንቱ ሲያልቅ ማዕዘኑ ሥር ነበረች። ሸረሪቷ በኋላ እግሯ ክሩን ከሆዷ ጫፍ እየሳበች፣ እየረገጠች፣ እያያዘች ስትሄድ አየቻት።

«አባዬ፣ እሷም ታደራለች እንዴ?»

«አዎ ልጄ። የእሷም ድር ነው፣ የእኔም ድር ነው።»

ሕፃኑ ቀና ብሎ የእናቱን ፊት አየ፤ ከዚያ ሸረሪቷን።

እኔ ከዚህ ታሪክ የማልረሳው የሕፃኑን ዓይን ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሱዛን ሚኔካና ባልደረቦቻቸው ቤተ ሙከራ ውስጥ ያደጉ ጦጣዎችን አጠኑ። ጦጣዎቹ እባብ አይፈሩም ነበር። እባብ አይታ የምትደነግጥ ጦጣ ካዩ በኋላ ግን ፈሩ። አበባ አይታ የደነገጠች የምትመስል ጦጣ በቪዲዮ ሲያሳዩአቸው ግን አበባን መፍራት አልተማሩም። ሸረሪት ያስደነገጠውን ሰው ሞኝ የሚሉት ይህን ቢያስቡት እወዳለሁ፤ ማገዶው በውስጣችን ተሰናድቶ ይቆያል፣ አንዳንድ ጊዜ የሚለኩሰው የምናምነው ሰው ፊት ነው።

«አትፍሪ» የፈራን ሰው ከነፍርሃቱ ብቻውን ያስቀረዋል። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ላርስ ዮራን ኧስት በ1989 (እ.ኤ.አ.) ለእንዲህ ዓይነት ፍርሃት ያሳወቁት ሕክምና እስከ 3 ሰዓት የሚፈጅ አንድ ቀጠሮ ነው። ሸረሪቷን መጀመሪያ የሚነካት ሐኪሙ ነው፤ ታካሚው ያያል። ከዚያ በኋላ በርጩማውን የሚስበው ታካሚው ራሱ ነው።