«ቢሮክራሲ» የተባለው ገበሬ

ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም አካባቢ በዕድሜ ገፋ ላለ ገበሬ «ቢሮክራሲ» ብትሉት ስለ ወረፋና ስለ ማኅተም ብቻ የምታወሩ አይመስለውም። በ1989 የአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲያካሂድ ቃሉ የሰው መጠሪያ ሆኖ ነበር። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ሥልጣን የነበረው ገበሬ «ቢሮክራሲ» ተብሎ ተመዘገበ፤ ይዞታውም ከ1 ሄክታር፣ ማለትም ከ4 ጥማድ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ለሌላው ገበሬ ጣሪያው 3 ሄክታር ነበር። አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ የሄዱ ነበሩ።

አስቡት እስቲ። ሰውየው በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ነው። አንዳንዱ በርግጥ ጎረቤቱን በድሏል፤ በኮታ እህል አስወስዷል፣ ለብሔራዊ ውትድርና የሰው ልጅ አሳፍሷል። አንዳንዱ ደግሞ ሲመረጥ እምቢ ማለት ስላልቻለ ነው የሠራው። መዝገቡ ግን ወንበሩን እንጂ ሥራውን አላየም። እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ስንል ስለ ስግብግብነት የምናወራ ይመስለናል። እኔ ግን ፍርሃትም እሰማበታለሁ። የሚመጣው መንግሥት የሚቀጣህ ስለተሾምክ ብቻ ከሆነ፣ ሳትበላ መውረድ ምን ያተርፍልሃል?

ለትልቁ ሹም ሚዛኑ ሌላ ነው። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ጎጃምን ሲያስነሳ፣ ዳሞትም ሲያምፅ፣ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሱ። ከዚያስ? የከፋ አገረ ገዥ ሆኑ።

ታዲያ መንግሥት መጥቶ ሲሄድ ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት የማይነቃነቀውን ቋሚ ሠራተኛ ልመነው ወይ? ከካድሬው ይልቅ አምነዋለሁ። ልቡ ንጹሕ ነው ብዬ አይደለም («ነገ ና»ን የፈለሰፈው ሳይሆን አይቀርም)። ነገም እዚያው ስለማገኘው ነው። የዛሬ ፊርማውን ይዤ የዛሬ አምስት ዓመት ልመለስበት እችላለሁ፤ ካድሬው ግን መዝግቦ ይሄዳል።

ግን ቋሚ መሆን ብቻውን አይበቃም። የታዘዘውን «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ እንጀራው የማይነካበት ሰው መሆን አለበት። በ1989 የየቀበሌው ኮሚቴ ውስጥ «ይሄኛው ምን አጠፋ?» ለማለት አፉን የከፈተ ሰው ቢኖር ማን ይጠብቀው ነበር? የኮሚቴው አባል ራሱ ገበሬ ነው፤ የሱም ጥማድ እዚያው መዝገብ ላይ ነበር።