ትዕግሥትዋን ስናመሰግን ደመወዝዋን እንዳንረሳ
ስለ እጅ ዳንቴል ሥራ የተጻፈ ምክር

የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው እየናቁ የሠራውን ግን ለብሶ መኵራት በብዙ ሀገር የቆየ ኀጢአት ነው። በእኛም ዘንድ ጥበብ ለብሶ ወደ በዓል የሚሄደው ሲመሰገን ሸማኔው በብዙ ስፍራ ሲናቅ ኖሮአል። ዛሬ ግን የምጽፍልህ በእንግሊዝ ሀገር በኦልኒ ከተማ በትራስ ላይ ዳንቴል ይሠሩ ስለ ነበሩ ሴቶች ነው።

ዳንቴል ስል በየቤታችን በኪሮሽ የሚሠራውን አታስብ። ለዚህኛው ጭድ ጠብቆ በተሞላ ትራስ ላይ ሥዕሉ በቀዳዳ የተነደፈበት ብራና ይዘረጋል፤ ክሩም ጥንድ ጥንድ በሆኑ በትናንሽ የእንጨት ወይም የአጥንት ቀሰሞች ላይ ይጠመጠማል። ሠሪዪቱ አራት ቀሰም ይዛ ክሩን ታሻግራለች፥ ትጠመዝዘዋለችም፤ እጅግ ረቂቅ የሆነው አበባ ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ይወጣል። ክሩ በስፍራው ይጸና ዘንድ በብራናው ቀዳዳ ስፒል ትሰካለች። ለሰፊ ሥራ ከመቶ የሚበልጥ ቀሰም በትራሱ ላይ ይደረደራል፤ በእጅዋ ያሉት ግን አራቱ ብቻ ናቸው፥ የቀሩት ተራቸውን ይጠብቃሉ። የተሳሳተች እንደ ሆነ ክሩን መቍረጥ አይጠቅማትም፤ እስከ ስሕተቱ ስፍራ ድረስ የሠራችውን አንድ በአንድ ወደ ኋላ መፍታት አለባት። ንስሐን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ ነገር ግን ዛሬ ምሳሌ ልፈልግ አልተነሣሁም።

ባለቅኔው ዊልያም ኩፐር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1767 ወደ ኦልኒ መጥቶ ከቄሱ ከጆን ኒውተን ጋራ በጉርብትና ተቀመጠ። በ1782 ባሳተመው «እውነት» በተባለው ግጥሙ አንዲትን ድኻ ዳንቴል ሠሪ ከፈረንሳዊው ሊቅ ከቮልቴር ጋራ ያስተያያታል። እርስዋ ከመጽሐፍ ቅዱስዋ እውነተኛነት በቀር የምታውቀው ጥቂት ነው፤ በዚህ ግን ከሊቁ ትበልጣለች ይላል። ይህን ነገር እኛ ሰባኪዎች እንወደዋለን። እኔም ባለኝ ይበቃኛል ስለ ማለት ሳስተምር ብዙ ጊዜ ይህችን ሴት ጠርቻለሁ። ከሰሚዎቼ ብዙዎቹ ድኾች ነበሩ፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተውኛል።

ከዚህ በኋላ የዚያኑ ሰው ደብዳቤ አነበብሁ። ግጥሙ ከመታተሙ ሁለት ዓመት በፊት፥ በሐምሌ 1780፥ ለወዳጁ ለዮሴፍ ሂል ሲጽፍ በዚያች ድኻ ከተማ 1,200 የሚያህሉ ዳንቴል ሠሪዎች እንዳሉ፥ ያለ ዕረፍት ቢሠሩም ከረኀብ በጭንቅ እንደሚያመልጡ፥ ይህንም በዐይኑ እንዳየ ይመሰክራል። ሂል አጋጣሚ ቢያገኝ ለመንግሥቱ ታላቅ የፍርድ ባለሥልጣን ስለ እነርሱ የርኅራኄ ቃል እንዲያሰማላቸውም ይለምነዋል። እንግዲህ በደጃፍዋ ተቀምጣ በደስታ ትሠራለች ብሎ የገጠመላት ሰው ረኀብዋንም ያውቅ ኖሮአል። እርሱ ሁለቱን ጻፈ፤ እኔ ግን አንዱን ብቻ ሰበክሁ።

በዚያ ዘመን ልጆች ከአምስትና ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ ወደ ዳንቴል ትምህርት ቤት ይሰደዱ ነበር። በክረምት ማታ ብዙ ሠሪዎች በአንድ ሻማ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ በሻማው ፊት ውሃ የተሞላ ብርሌ ይቆምና ብርሃኑን ሰብስቦ በእያንዳንዳቸው ትራስ ላይ ይጥለዋል። የምድጃ ጥላሸት ነጩን ክር እንዳያሳድፈው ከእሳት ርቀው፥ ፍም ያለበትን የሸክላ ዕቃ በቀሚሳቸው ሥር አኑረው ይሞቁ ነበር። ነጋዴው ክሩን ይሸጥላቸዋል፥ የተሠራውንም ይገዛቸዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ በገንዘብ ፈንታ በዕቃ ይከፍላቸው ነበር። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 5 ስለ ተቀማ ደመወዝ የጻፈው ለአጫጆች ብቻ ይመስልሃልን?

አንድ ወንድም «ዳንቴል የከንቱ ጌጥ ነው፤ ቢጠፋ ምን ይጎዳል?» ብሎኛል። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 ባስልኤልን ለጥልፍና ለሽመና ጥበብ የሞላው የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሆነ ይናገራልና ለዚህ ብዙ መመለስ አያሻም። ትዕቢት የሚገኘው በለባሹ ልብ እንጂ በቀሰሙ አይደለም።

ጆን ሂትኮት የዳንቴል መረብ የሚሠራ መኪና ፈጥሮ በ1809 አስመዘገበ። በ1816 የተቈጡ ሰዎች በላፍቦሮ ከተማ የነበረውን ፋብሪካውን ሰብረውበት ወደ ቲቨርተን ሄደ፤ መኪናው ግን አልቆመም። ንግሥት ቪክቶርያ በ1840 ስታገባ የለበሰችው ዳንቴል በዴቮን አውራጃ በእጅ የተሠራ ነበር፤ ለሠሪዎቹም ለጊዜው እንጀራ ሆናቸው። ልጆችን ወደ ፊደል ትምህርት ያመጣ የ1870 ሕግ ከወጣ በኋላም የዳንቴል ትምህርት ቤቶች እያነሱ ሄዱ፤ ስለዚህ እኔ አላለቅስም።

ዛሬ በእንግሊዝ ሀገር ትራሱን የሚይዙት ብዙዎቹ ለእንጀራ ሳይሆን ለልባቸው ደስታ ነው፤ ማኅበራቸውም በ1976 ተመሥርቶአል። በስሎቬንያ በኢድሪያ ከተማ በ1876 የተከፈተው የዳንቴል ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ልጆችን ያስተምራል፤ የዚያች ሀገር የቀሰም ዳንቴልም በ2018 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቶአል። ነገር ግን የእጅ ጥበብ በመዝገብ አይኖርም። የእጅን ፍጥነትና የክሩን ውጥረት መጽሐፍ ፈጽሞ አያስተምረውም፤ አጠገብ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። አሮጊቲቱ ሳትሞት ልጂቱ ካልተቀመጠች ነገሩ አለቀ። ከሚሸጡትም የምትገዛ ብትሆን፥ ስንት ቀን እንደ ፈጀባት ሳትጠይቅ ዋጋው በዛ አትበል።

ኩፐር የኖረበት የኦልኒ ቤት ከ1900 ጀምሮ ሙዚየም ነው፤ ከእርሱና ከኒውተን ዕቃ ጋራ የከተማይቱ ዳንቴልም በዚያ ተቀምጦአል። እኔም በሚመጣው እሑድ ባለኝ ይበቃኛል ስለ ማለት የማስተምርበት ተራዬ ነው፤ ግጥሙንም ደብዳቤውንም ይዤ እገባለሁ።