«ቀደር ነው» የሚለው ማነው?

የበዓል ጉዞ አስባችሁ፣ ልጆቻችሁን ሳምንቱን ሙሉ ስታስጎመጁ ሰንብታችሁ፣ በመጨረሻው ሰዓት ሁሉም ነገር የፈረሰባችሁ ጊዜ አለ? እኔን በ1998 ዓ.ም. በዒድ አል-አድሓ ዋዜማ ገጥሞኛል። ያን ቀን የተናገርኳት አንዲት ቃል እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች።

ዕለቱ የዐረፋ ቀን ነበር። ዒዱን ደሴ እናቴ ዘንድ ልንውል ከአዲስ አበባ ተነሣን፤ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለቤቴ «መኪናዋ ውሃ ትጨርሳለች፤ ሳንወጣ መካኒክ ይያት» ብላ ሁለት ጊዜ ነግራኛለች። እኔ ግን «ኢንሻአላህ ምንም አትሆንም» ብዬ አለፍኩት። ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ስንቃረብ ሞተሩ ጋለና ቆመ። ጣርማ በርን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ጉሙ ሲወርድ መንገዱ አይታይም፤ የጥር ብርዱም አጥንት ድረስ ይገባል። ባለቤቴ ጾመኛ ነበረች። መግሪብ ሲደርስ በመንገድ ዳር ቆማ በሁለት ቴምርና በቀዘቀዘ ውሃ አፈጠረች። ታናሹ ልጃችን «ዒድን እዚሁ ነው የምንውለው?» እያለ ያለቅሳል። ያኔ ነው ወደ እርሷ ዞር ብዬ፣ እርሷ አንዲት ቃል እንኳ ሳትወጣት፣ «የአላህ ቀደር ነው፤ ሶብር አድርጊ» ያልኳት። ዝም አለች።

ንግግሬ በራሱ ስሕተት አልነበረም። በቀደር ማመን ከኢማን መሠረቶች አንዱ ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ነገር ሲደርስብን «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» እያልን እንዳንብሰለሰል አስተምረውናል። ነገር ግን ኢማም ሙስሊም በዘገቡት በዚያው ሐዲስ ውስጥ፣ ከዚህ ትምህርት አስቀድሞ፣ ለሚጠቅመን ነገር እንድንጥር፣ በአላህ እንድንታገዝና እንዳንሳነፍ ታዘናል። እኔ የሐዲሱን መጨረሻ ይዤ መጀመሪያውን ጥያለሁ። ራዲያተሩን ማስፈተሽ ደግሞ ግማሽ ሰዓት እንኳ የሚፈጅ ሥራ አልነበረም!

ከሁሉም የከበደኝ ግን ሌላ ነው። የተጎዳ ሰው «ቀደር ነው» ሲል ለጎዳው ሰው ይቅርታ መስጠቱ ነው። ያጠፋ ሰው ያንኑ ቃል ሲናገር ግን ከተጠያቂነት መሸሹ ነው። እኔ የአላህን ውሳኔ ለስንፍናዬ መጋረጃ አድርጌ፣ ጾማ የዋለችውንና አስቀድማ የመከረችኝን ሴት ሶብር አስተማርኳት።

እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲመጣብኝ ሑደይቢያን አስታውሳለሁ። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) 1400 ያህል ሶሐቦችን ይዘው፣ ኢሕራም አድርገው፣ የመሥዋዕት እንስሶቻቸውን እየነዱ ለዑምራ ወጡ። መካ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ቁረይሾች አገዷቸው። በስምምነቱ መሠረት ያን ዓመት ተመልሰው በሚቀጥለው ዓመት እንዲመጡና ለሦስት ቀን እንዲቆዩ ሆነ። ከመካ ከተሰደዱ ጀምሮ ካዕባን ያላዩ ሰዎች ደጃፉ ላይ ደርሰው ሲመለሱ ምን ሊሰማቸው እንደሚችል እስቲ ገምቱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲያርዱና እንዲላጩ ሦስት ጊዜ ቢያዟቸው፣ ከሐዘናቸው ብዛት አንድም ሰው አልተነሣም። እርሳቸውም ወደ ባለቤታቸው ወደ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ገብተው ነገሩን አጫወቷት። (ኡሙ ሰለማ ወደ አገራችን ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ቀደምት ሙስሊሞች አንዷ መሆኗን ልጆቻችን ቢያውቁ መልካም ነው።) ማንንም ሳያናግሩ ወጥተው በቅድሚያ የራሳቸውን እንስሳ እንዲያርዱና እንዲላጩ መከረቻቸው። እንዳለችው አደረጉ፤ ሶሐቦችም ተነሥተው ተከተሏቸው።

ልብ በሉ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምንም ጥፋት ሳይኖርባቸው የባለቤታቸውን ምክር ሰሙ፤ ሌላውን ያዘዙትንም በቅድሚያ ራሳቸው ፈጸሙት። እኔስ? ሶሐቦችም ቢሆኑ አዝነዋል፤ ሶብር አለማዘን ቢሆን ኖሮ የልጄ ለቅሶም ጥፋት በሆነ ነበር።

ወደ ጉዟችን ልመለስ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር እስከ ደብረ ሲና ጎትቶ አደረሰን። ልጆቹን አጠገቡ አስቀምጦ ዳቦ ቆረሰላቸው፤ ዛሬ አድገው ስለዚያ ዒድ ሲያወሩ መጀመሪያ የሚያነሡት እርሱን ነው። ይህ ግን የእኔን ዕዳ አያቀለውም። በንጋታው መኪናዋን እዚያው ትተን በሚኒባስ ሸዋ ሮቢት ወረድንና የዒዱን ሶላት ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር ሰገድን። ደሴ የገባነው ለመግሪብ ጥቂት ሲቀር ነው። እናቴ በጉን ሳታሳርድ ጠብቃናለች፤ የኡድሒያ ጊዜ በዒዱ ቀን ብቻ እንደማያበቃ ታውቃለች።

«ምን አገኛችሁ ልጆቼ?» አለች በሩ ላይ ቆማ።

ባለቤቴ «አልሐምዱሊላህ፣ ቀደር ነው እማማ» ብላ ልትሸፍንልኝ ጀመረች።

«እሷ መኪናዋን አሳያት ብላኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት» አልኩ።

እናቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እርሷን አየችና «በል እንግዲያው በጉን አንተው አምጣው» አለችኝ።