ዘርና ኑሮ በዓይን ላይ

ዓይኑ የደከመ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀመጥ «በዘር ነው እንዴ?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። ጠያቂው የሕመሙን ምክንያት ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ ፍርድም ይጠብቃል። ከዘር ከሆነ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የሚደረግ ነገርም የለም። ከአኗኗሩ ከሆነ ግን ተወቃሹም እሱ፣ መፍትሔውም በእሱ እጅ ነው። ይህ አከፋፈል ብዙዎቻችን ሳንመረምረው የምንይዘው ነው። ሲመረመር ግን በየትኛውም በኩል አይጸናም።

በመጀመሪያ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ከትውልድ ትውልድ የሚታይ ሕመም ሁሉ ከዘር ነው? በአማራ ክልል ገጠር አያት ወደ ውስጥ የዞረ ሽፋሽፍቷን በወረንጦ ስትነቅል፣ እናት ያንኑ ስትጀምር፣ የልጅ ልጅ ደግሞ ዓይኑ ቀልቶ ሲያዥ የሚያይ ሰው «የዘር ነው» ቢል አይፈረድበትም። ሦስት ትውልድ ቆሞ ይመሰክርለታል። ነገር ግን ትራኮማን የሚያመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ከታመመ ልጅ ዓይንና አፍንጫ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ወደ ሌላው ይሻገራል። ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይኑ ቆብ ውስጡ ጠባሳ ይይዝና ይኮማተራል፤ ሽፋሽፍቱም ዞሮ ብሌኑን እየፋቀ ያደበዝዘዋል። ለዚህ ደረጃ የሚደርሱት ሴቶች የወንዶቹን እጥፍ ይጠጋሉ፤ ሕፃናቱን ታቅፈው የሚውሉት እነሱ ናቸውና። እናት ለልጇ ያወረሰችው ደሟን ሳይሆን ጓዳዋን ነው፤ ውሃ የራቀውን፣ ዝንብ የበዛበትን ጓዳ። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ትራኮማ አንቲባዮቲክ ከመምጣቱ በፊት በኑሮ መሻሻል ብቻ እየከሰመ መሄዱም ይህንኑ ያጠናክራል።

አሁን ነገሩን ገልብጠን እንየው። የሩቁን አጥርቶ አለማየት፣ ሐኪሞች ማዮፒያ የሚሉት፣ ከዘር ጋር ያለው ቁርኝት እጅግ የጠበቀ ነው። መንትዮችን ያነጻጸሩ ጥናቶች በሰዎች መካከል ካለው የዕይታ ልዩነት 80 በመቶና ከዚያ በላይ ለዘር የሰጡበት ጊዜ አለ። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1969 በአላስካ ያኔ ባሮው ትባል በነበረች ሥፍራ በኢኑዊት ሕዝብ ላይ የታተመ ጥናት ግራ የሚያጋባ ነገር አሳየ። ትምህርት ቤት ሳይስፋፋ ካደጉት 131 ጎልማሶች መካከል ማዮፒያ የነበረባቸው ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ነበረባቸው። ዘር በአንድ ትውልድ አይለወጥም። የተለወጠው ውሎው ነው፤ ደብተር፣ ክፍል፣ ጣሪያ።

ታዲያ 80 በመቶው ውሸት ነው? አይደለም። ጥፋቱ ቁጥሩ ያልተጠየቀውን እንዲመልስ ማስገደዳችን ላይ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው በተመሳሳይ ኑሮ ውስጥ ያሉ ሰዎች እርስ በርስ ስለሚለያዩበት ነገር እንጂ፣ ኑሮው ለሁሉም በአንድነት ቢለወጥ ስለሚሆነው አይደለም።

ይህን ከሌበር የዓይን ነርቭ ሕመም በላይ የሚያስረዳ አላገኘሁም። ሕመሙ ከእናት ብቻ በሚወረስ የማይቶኮንድሪያ ዘረመል ውስጥ ባለ ለውጥ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ወጣት ወንዶችን ይይዝና በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ዕይታቸውን ይነጥቃል። ግን ለውጡን የተሸከመ ሁሉ አይታወርም፤ ከወንዶቹ ግማሽ ያህሉ፣ ከሴቶቹ ከአሥር አንዷ ያህል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት ደግሞ ከሚያጨሱት ወንድ ተሸካሚዎች ዕይታቸውን ያጡት 93 በመቶ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ሁለት መንደር እናስብ። በአንደኛው ሁሉም ተሸካሚ ነው፤ የሚያጨሰው ግን ከፊሉ ነው። እዚያ የሄደ ተመራማሪ «ሕመሙ የትንባሆ ነው» ብሎ ይመለሳል። በሁለተኛው ሁሉም ያጨሳል፤ ተሸካሚው ግን ከፊሉ ነው። እዚህ የሄደው «የዘር ነው» ይላል። ሁለቱም በትክክል ቆጥረዋል። ሕመሙም ትንባሆውም አንድ ነው። ስለዚህ በአንድ ሰው ዓይን ላይ ከደረሰው ጉዳት ይህን ያህሉ ከዘር፣ ይህን ያህሉ ከኑሮ ብሎ መቁረስ አይቻልም።

ወቀሳውስ? አኗኗር ሲባል ሰው ፈቅዶ የያዘው ነገር ይመስላል። ከሩቅ ወንዝ እንስራ ተሸክማ የመጣችን ሴት «የልጅሽን ፊት ለምን አላጠብሽም?» ማለት ግን እኔ እንደማየው ድንቁርና ነው። በቻይና ጓንግዡ በ12 ትምህርት ቤቶች በተደረገ ሙከራ፣ በግማሾቹ የአንደኛ ክፍል ልጆች በየቀኑ ተጨማሪ 40 ደቂቃ ደጅ እንዲወጡ ተደረገ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ ማዮፒያ የያዛቸው 30.4 በመቶ ሲሆኑ በቀሩት ትምህርት ቤቶች 39.5 በመቶ ደረሱ። የልጆቹን አኗኗር የለወጠው የትምህርት ቤቱ የጊዜ ሰሌዳ እንጂ የልጆቹ ጽናት አልነበረም። አጫሹን በዚሁ ሚዛን ሙሉ በሙሉ ነጻ አላወጣም፤ አደጋውን አውቆ የሚያጨስ ሰው ድርሻ አለው። ግን የዘረመሉን ነገር ማንም ያልነገረው የሌበር ተሸካሚ ምን አውቆ ይጠንቀቅ?

የቀረው ከሁሉ የባሰው ስሕተት ነው፦ «ከዘር ከሆነ ምን ይደረጋል?» ግላኮማን እንውሰድ። ወላጁ ወይም እህት ወንድሙ የተያዘበት ሰው ከሌላው ይልቅ ለግላኮማ በብዙ እጥፍ የተጋለጠ ነው። ሕመሙ በአብዛኛው ሳያምም፣ ዕይታን ከዳር ወደ መሐል እየበላ ይገባል፤ የሞተው ነርቭም አይመለስም። ነርቩን የሚጎዳው የዓይን ግፊት ግን በጠብታ፣ በሌዘር ወይም በቀዶ ሕክምና ሊወርድ፣ የቀረው ዕይታም ሊጠበቅ ይችላል። እዚህ ላይ ዘርን ማወቅ ማን አስቀድሞ መመርመር እንዳለበት ያመለክታል። ችግሩ፣ ምንም ያላመመውን ወንድም ወደ ዓይን ክሊኒክ ማምጣት ከባድ መሆኑ ነው፤ ታማሚው ራሱ ካልጎተተው ሐኪሙ አድራሻውን እንኳ አያውቅም።