ስለ ትርፍ ንዋይ ርቱዕ ዋጋ

ከአምቦ ተነሥቶ በጉደርና በጌዶ አልፎ በእጃጂ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚወስደው ጎዳና ጋራና ሸለቆ የሚፈራረቁበት ስለ ሆነ፣ ሕዝቡ ዎኪ ቶኪ የሚለው የእጅ መገናኛ ሬዲዮ በዚያ አገር ኃይሉ የሚለካው በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ሳይሆን በመካከል በቆመው ተራራ ነው። የመንገድ ሥራ ወይም የእርዳታ ሥራ የያዘ አንድ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ እንዲህ ያሉትን ሬዲዮዎች በጨረታ ቢሸጥ፣ አንድ የእጃጂ ነጋዴም ገዝቶ ለእህል መጋዘን ጠባቂዎች ወይም ለትምህርት ቤት ዘበኞች መልሶ ሊሸጣቸው ቢያስብ፣ በስንት ዋጋ ሊሸጥ ይገባዋል? ጥያቄው ሲሰሙት የገበያ ጥያቄ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ሲመረምሩት የኖሩ የኅሊና ጥያቄ ነው።

ሕጉ ያለውን አስቀድሞ መናገር ይገባል፤ ይህም ብዙ ሐተታ አያሻውም። ማረሻ የገዛ ሰው በይዞታው ላይ ያርስበታል፤ ሬዲዮ የገዛ ግን የሚያርሰው የሕዝብ ሀብት የሆነውን ሞገድ ነው። ይህን ሞገድ መመደብና መፍቀድ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተሰጠ ሥልጣን ስለ ሆነ፣ ሻጩም ገዢውም ያለ ፈቃድ ሊነግዱበትና ሊነጋገሩበት አይገባም። ለእርዳታ ተብሎ ያለ ቀረጥ የገባውም ዕቃ ቀረጡ ሳይታሰብ ወደ ገበያ ሊወጣ አይችልም። ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቅን ልቦና ዋጋ ከፍሎ ተንቀሳቃሽ ዕቃ የተረከበውን ሰው ባለቤት ሲያደርገው፣ ዕቃው የተሰረቀ እንደ ሆነ ግን ባለንብረቱ እንዲያስመልስ ይፈቅዳልና፣ የጨረታው ደረሰኝና የእያንዳንዱ ሬዲዮ መለያ ቁጥር አብረው ካልተላለፉ ሽያጩ ጎዶሎ ነው።

ስለ ዋጋው ግን ሕጉ ጥቂት ይናገርና ዝም ይላል። ውል ለአንዱ ወገን እጅግ ስለ ጠቀመ ብቻ አይፈርስም፤ የሚፈርሰው የሌላውን ችግር፣ የዋህነት፣ እርጅና ወይም የንግድ አለማወቅ መጠቀሚያ በማድረግ የተገኘ ሲሆን ነው። ከዚህ በመለስ ያለው ሁሉ ለኅሊና የተተወ ነው።

ቅዱስ አውግስጢኖስ ስለ ሥላሴ በጻፈው መጽሐፍ የአንድ ተዋናይ ነገር ያነሣል፤ ተዋናዩ የሕዝቡን ሁሉ ምኞት እነግራችኋለሁ ብሎ ሰብስቦ፣ ምኞታችሁ አርክሶ ገዝቶ አስወድዶ መሸጥ ነው ሲላቸው ሁሉም አጨበጨቡለት። አውግስጢኖስ ግን ይህ የሁሉ ጠባይ እንዳልሆነ ሲያስረዳ፣ ዋጋውን የማያውቅ ሻጭ መጽሐፍ በጥቂት ገንዘብ ሲያቀርብለት ያልጠየቀውን ርቱዕ ዋጋ ጨምሮ የከፈለ ሰው እንደሚያውቅ ይመሰክራል። ዳሩ ግን መጽሐፍ ቢያረጅ ቃሉ አያረጅም፤ ያገለገለ ሬዲዮ ርቱዕ ዋጋው በምን ይታወቃል?

ለዚህ ኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ ከሠራው ሥርዓት የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። በእስራኤል ዘንድ መሬት በኢዮቤልዩ ዓመት ወደ ባለርስቱ ይመለስ ስለ ነበረ፣ የሚሸጠው መሬቱ ሳይሆን እስከዚያ ድረስ የቀረው የመከር ቁጥር ነበር፤ ዓመቱ ሲበዛ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ሲያንስ ዝቅ ይላል። የሬዲዮም ነገር እንዲሁ ነው። ቀፎውና አንቴናው ብዙ ዘመን ሲቆዩ ባትሪው ግን በዕድሜና በተደጋጋሚ ሙላት ይደክማልና፣ አስቀድሞ የሚሞተው እርሱ ነው። እንግዲህ ዋጋው ሊቆጠር የሚገባው ሬዲዮው በአዲስነቱ ካወጣው ብር ሳይሆን ባትሪው ከሚሰጠው ቀሪ አገልግሎት፣ ምትኩም ዛሬ በገበያ ይገኝ እንደ ሆነ ከማየት ነው።

ልዩነቱ፣ የኢዮቤልዩን ዓመት ሻጩም ገዢውም ይቆጥሩት ነበር፤ የባትሪውን ዕድሜ ግን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ሮማዊው ቺቼሮ በረሀብ ጊዜ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ሮድስ ስለ ደረሰ ነጋዴ ይተርካል፤ ሌሎች መርከቦች ከኋላው እንደሚመጡ እያወቀ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ ወይስ ይናገር? ፈላስፋው ዲዮጋን ዘባቢሎን ዝምታ ማታለል አይደለም ሲል ሌላው ፈላስፋ አንቲፓጥሮስ ግን ይናገር አለ፤ ቺቼሮም ለአንቲፓጥሮስ ፈረደ። የነገረ መለኮት ሊቁ ቶማስ አኵናስ ከብዙ ዘመን በኋላ ነገሩን ለይቶ፣ የነገውን ዋጋ አለመናገር ፍትሕን አያፈርስም፣ ቢናገር ግን የበለጠ ምግባር ነው፤ በዕቃው ውስጥ የተሰወረውን ነውር መሸሸግ ግን ግፍ ነው ይላል። እኔ ከቶማስ ጋር ነኝ፤ የደከመ ባትሪ የነገ ወሬ አይደለም፣ የዛሬ ነውር ነውና። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚገዛ ሰው ዕቃውን ሳያገላብጥና ሳይሞክር አይከፍልም፤ በእጃጂ ገበያ ግን ሬዲዮ አይቶ የማያውቅ ዘበኛ የሚከፍለው ሻጩን አምኖ ነው፣ እምነቱም በሻጩ ላይ ዕዳ ይሆናል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ያገለገለ ሬዲዮ የቀድሞ ባለቤቱን የመነጋገሪያ መስመሮች በውስጡ እንደ ያዘ ይቀራል፤ ባለሙያ ካላጠፋቸው በቀር አዲሱ ባለቤት በማይገባው ሞገድ ይገባል፣ ያልተፈቀደለትንም ይሰማል። የሌላ ሰው ምሥጢር ደግሞ የነጋዴው ንዋይ አይደለምና ከሬዲዮው ጋር ሊሸጠው አይችልም። የባለሙያው ድካም ዋጋ በሽያጩ ላይ ቢታሰብ ግን ማንም ሊነቅፈው አይገባም።

ነጋዴው በጨረታ 10 ሬዲዮ ገዝቶ 4ቱ የማይሠሩ ቢሆኑ የእነዚያን ኪሣራ በ6ቱ ላይ ይጫን ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጨረታው እንዲረክስለት ያደረገው የማይሠሩ ይኖሩ ይሆናል የሚለው ሥጋት ከሆነ፣ ቅናሹን አስቀድሞ ተቀብሏል፤ ከእጃጂው ዘበኛ ዳግመኛ ቢያስከፍል አንዱን ኪሣራ ሁለት ጊዜ መቍጠር ነው። ሁሉም ደኅና ናቸው ተብሎ በሙሉ ዋጋ ከገዛ ግን ክርክሩ ከአጫራቹ ጋር ነው። 4ቱንም መለዋወጫ ናቸው ብሎ በመለዋወጫ ዋጋ ቢሸጣቸው የሚከለክለው የለም።